የቀረችው ግስ

ከፔንዛንስ ወረድ ብሎ፣ ባሕሩ ድንጋይ ሲልስ፣
ጆሪ የሚባል ሰው አለ፣ የቀረችው አንዲት ግስ።

አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት፣ የእርሳስ ፊደል ሲለቅም፣
የሰው ሞት፣ የዓሣ ዋጋ፣ ገልብጦ እያነበበ ሲያቆም፣
ጣቱ ጠቁሮ፣ ወገቡ ጎብጦ፣ ጡረታ ወጣ በሰላም።
አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ጫማውን ሊያስር ሲያጎነብስ፣
አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ የፊደል ሳጥን እንደሚፈስ፣
ሁሉም ቃል ወለል ላይ ሄደ፤ ስሙም፣ ስሟም፣ ያገሩም ስም፤
ጎንበስ ብሎ ቢዳብስ፣ አንዲት አገኘ፤ ሌላ የለም።

«ሴት» ይላል።
በእንግሊዝ አፍ ግስ ናት። ያለችው እሷ ናት በጠቅላላ።
ሲጠማው «ሴት»፤ ሲቆጣ «ሴት»፤ ሲያመሰግንም አይል ሌላ።

ወጣቷ ሐኪም ጻፈች፦ «ድግግሞሽ፤ ትርጉም አልባ።»

«ትርጉም አልባ?» አለች ላቭዴይ፣ መዝገበ ቃላቱን አንስታ፣
የሟች አባቷን፣ ያንን ወፍራም፣ አቧራውን በክንዷ መትታ፤
«ቁጠሪ እስቲ። ይህች አንዷ ቃል ስንት ገጽ እንደበላች።
ባሌ ድሃ አይምሰልሽ፤ የቀረችው ሀብታሟ ነች።»

እውነቷን ነው። እኔ ይህን ወዳማርኛ ሳመጣ፣
ለአንዲቷ ቃል ምትክ ብፈልግ፣ የግስ ሰልፍ ከደጄ ወጣ፦
ጀምበር ስትሆን ጠለቀች፤ ወጥመድ ሲሆን ተጠመደ፤
ማርማላታ ረጋ፤ ሸራ ተዘረጋ፤ መርከብ ሄደ፤
ሰዓት ሲሆን ተሞላ፤ ሲሚንቶ ሲሆን ደረቀ፤
ፈርጥ ቀለበት ላይ ተሰካ፤ የአጥንቱን ወጌሻ ዐወቀ።
እኛ ለየሥራው አንድ ግስ እንቀጥራለን፣ እንደ ባለጸጋ፤
እነሱ አንዷን ያሠሯታል፣ ከጧት እስከ ማታ፣ ሳይሰጧት ዋጋ።

ላቭዴይ ግን ትርጉም አትሻም፤ የምታየው ዓይኑን ነው፣ ጣቱን።
ወደ ጓሮ ካየ ዶሮዋ ናት፤ ታቅፋለች ቀይዋ፤
ወደ ግድግዳ ካየ ሰዓቱ፤ ወደ ኋላ ቀርታለች ቆጣሪዋ።
አንድ ቀን ብቻ ሳይገባት ቀረ። ጠዋት ሙሉ «ሴት፣ ሴት» ሲላት
የአይጥ ወጥመድ አመጣች፤ ሳህን ደረደረች፤ ራዲዮ አስተካከለች፤ እምቢ አላት።
ማታ ነው የገባት፦ ቢጎዲኗን።
ፀጉሯን እንድትጠቀለል ነበር። ቅዳሜ ነው፤ የተጋቡበት ቀን።

በነሐሴ ደግሞ የልጅ ልጁ፣ ዴንዜል፣ ከወደቡ ግንብ ወደቀ።
«እብጠት ነው» አለ አባቱ፤ በረዶ አሠረለት፤ ልጁም ትንሽ ሳቀ።
ሽማግሌው ግን ክንዱን ይዞ፣ «ሴት!» አለ፤ ጠረጴዛ መታ፤ «ሴት!»
«እራት ይቅረብ ነው የሚለው» አሉ፤ ሳህኑን ገፈተረ፤ ሆነ ሁከት።
ላቭዴይ ብቻ ኮቷን ለበሰች። ሆስፒታል። ራጅ። ሁለት ቦታ ስብራት።
አጥንት ገጣሚው፣ ዶክተር ናንካሮ፣ «ማን ነው የነገራችሁ?» አላት።

አሁን መስከረም ነው። የአጥር እንጆሪ ተለቅሞ፣
ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ መስኮቱ በላብ ታሞ።
ላቭዴይ አንዲት ጠብታ ወስዳ
ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጣለች፤ በጣቷ ገፋችው፤ ቆዳ
አውጥቶ እንደሆን ልታይ። አላወጣም።
ከኋላዋ «ሴት» አለ፤ ቀስ ብሎ፤ ሳይጠቁም።

ድስቱን አላየም። የምትጠልቀውን አላየም።
ያየው እሷን ነው።
እኔ ይህችን ቃል በፊደሌ ስጽፍ፣ ሳልተረጉማት፣
ሌላ ነገር ሆና ነው የምትነበበኝ፤ ይህን እነሱ አያውቁት።

ላቭዴይ ሳትዞር መለሰች፦
«ገና ነው ጆሪ። አልረጋም። ትንሽ ይቆይ።»
ማንኪያውንም እንዲልሰው ሰጠችው።